ሠላሳኛው ደወል፦ በሚኒሶታ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዕድሮቻችን ሰብሳቢዎች፣ ለአድባራትና ለመስጊዶች አስተዳዳሪዎች፣ ለማኅበሮቻችን፣ እንዲሁም ለእናንተ ለወንድሞቼና ለእህቶቼ፦

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ መብራት ነው። ከሚኒያፖሊስ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ከሦስት ሰዓት በላይ ስትነዱ፣ ዱሉዝን ካለፋችሁ በኋላ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ገደል አፋፍ ላይ የቆመ የመብራት ማማ አለ። ስፕሊት ሮክ ይባላል። ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሰመር ላይ ልጆቻችንን ይዘን ሄደናል። ፎቶ ተነስተን፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን የቋጠርነውን በልተን ተመልሰናል። እኔም ሁለት ጊዜ እንደዚሁ አድርጌያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በኖቬምበር 10 ሄድኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ያን ማታ ያየሁትን ለናንተ ሳልነግር ይኸው እስከ ዛሬ በሆዴ ይዤው አለሁ። ደብዳቤው የዘገየው በኔ ስንፍና ነው፤ ጉዳዩ ግን የሁላችንም ነው።

መጀመሪያ ስለ ውሃው ልንገራችሁ። ሱፒሪየር ሐይቅ ስለተባለ ብቻ ሐይቅ እንዳይመስላችሁ። ስፋቱ 82,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጣናን ከሃያ ጊዜ በላይ ብትደረድሩበት ይበቃዋል። ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከ400 ሜትር በላይ ይወርዳል። እኔ ያደግሁት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ሐይቅ ማለት ለኔ ማዶው የሚታይ ነገር ነበር። ማዶ ላይ ከብት ሲጠጣ፣ ሰው ልብስ ሲያጥብ ይታያል። እዚህ ማዶ የለም። ኖቬምበር ሲገባ ደግሞ ነፋሱ ይመጣል። ማዕበሉ ከገደሉ ሥር ሲመታ የቆማችሁበት መሬት በእግራችሁ ይሰማችኋል።

ማማው የተሠራው ሰው ስለሞተ ነው። ኖቬምበር 28 ቀን 1905 ከባድ ማዕበል ተነስቶ በአንድ ጊዜ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ መርከቦችን ጎዳ። ከነሱ አንዷ ማታፋ ትባላለች። ዱሉዝ ወደብ ልትገባ ስትል ከመግቢያው ግንብ ጋር ተላተመችና እዚያው ከዳር ሳትርቅ ተሰበረች። የከተማው ሰው በሺህ እየሆነ ወጥቶ ያያል። መርከበኞቹ ይታያሉ። ግን ማዕበሉ ጀልባ አያስጠጋም። ሰዉ ምን አደረገ መሰላችሁ? ዳር ላይ እሳት አነደደ። ማዳን ባይችልም ትቷቸው ወደ ቤቱ አልገባም። እነዚያ ሰዎች እሳቱን እያዩ እንዲያድሩ ሌሊቱን አብሯቸው አደረ። ሲነጋ ጀልባ ደረሰ። 15 ሰው ተረፈ፤ 9 ሰው ሞተ።

ይሄን ታሪክ ሳነብ የኛው ለቅሶ ቤት ትዝ አለኝ። እኛም እኮ ሐዘንተኛ ቤት ሄደን የምናመጣው መፍትሔ የለንም። ሄደን እንቀመጣለን። አብረን እናድራለን። ሌላ ምን እናደርጋለን?

በዚያው ማዕበል ማዴራ የምትባል ጀልባ ስፕሊት ሮክ አጠገብ ከገደል ጋር ተጋጨች። አንድ መርከበኛ ገመድ ይዞ ወደ ገደሉ ዘለለ። ያንን የቀዘቀዘ ቋጥኝ ቧጥጦ ወጣና ጓደኞቹን በገመዱ አተረፈ። አንድ ሰው ብቻ ሞተ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመርከብ ባለቤቶች መንግሥትን የወተወቱት። ኮንግረስ 75,000 ዶላር ፈቀደ። በዚያን ጊዜ በዚያ ዳርቻ መንገድ የለም። ጡቡም ሲሚንቶውም በጀልባ እየመጣ፣ 40 ሜትር ገደል በማንሻ እየተጎተተ ወጣ። መብራቱ ጁላይ 31 ቀን 1910 ለመጀመሪያ ጊዜ በራ።

አሁን ማማው ውስጥ ግቡልኝ። ጠባብ ናት። ክብ ደረጃውን ስትወጡ ላይ የምታገኙት አምፖል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፓሪስ ውስጥ የተሠራ ትልቅ የመስታወት ሥራ ነው። በብዙ የተቆረጠ መስታወት የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው አስቡት። በጣም ከባድ ነው። ግን የተቀመጠው በሜርኩሪ ላይ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ በቀላሉ ይዞራል። መሀሉ ላይ የነበረው የጋዝ መብራት ነው፤ እዚያ አገር ቤት ማሾ የምንለው ዓይነት። መስታወቱ ያቺን ነበልባል ከየአቅጣጫው ሰብስቦ አንድ ጨረር ያደርጋትና 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ይልካታል። በየ10 ሰከንዱ አንድ ብልጭታ። መርከበኛው ሰከንዱን ቆጥሮ «ይሄ ስፕሊት ሮክ ነው» ይላል። ቦታውን የሚያውቀው በቆጠራ ነው።

መስታወቱን የሚያዞረው እንደ ግድግዳ ሰዓት ያለ መሣሪያ ነው። ክብደት ታስሮለት በማማው ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ታች ሲደርስ ሰው እንደገና ጠምዝዞ ያወጣዋል። በየሁለት ሰዓቱ። ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ መውጫ። ሦስት ጠባቂዎች ነበሩ፤ ሌሊቱን ተካፍለው ያድሩ ነበር። አንዱ ቢተኛ መስታወቱ ይቆማል። መስታወቱ ከቆመ ብልጭታው የለም። ብልጭታው ከሌለ መርከበኛው የት እንዳለ አያውቅም።

እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከአልጋ የማይነሱ ሰዎች አሉኝ። ጎናቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ። እና እዚያ ማማ ውስጥ ቆሜ አስጎብኚው «በየሁለት ሰዓቱ» ሲል ሰውነቴ ነው የሰማው። ከናንተም ብዙዎቻችሁ ሌሊት ነው የምትሠሩት። ሆስፒታል፣ ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ መጋዘን። ከተማው ሲተኛ ነቅቶ የሚያድር ሰው ይሄን ማማ ከማንም ቱሪስት ይልቅ ያውቀዋል። ማንም አያመሰግነውም፤ ምክንያቱም ሥራውን በደንብ ከሠራ ምንም አይፈጠርም።

በ1940 ኤሌክትሪክ ገባ። በ1969 መርከቦቹ አዳዲስ መሣሪያ ስለያዙ መብራቱ አያስፈልግም ተብሎ ጠፋ። ከ1976 ጀምሮ ቦታውን የሚያስተዳድረው የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር ነው፤ በጥሩ ሁኔታ ይዞታል።

ወደ ኖቬምበር 10 ልምጣ።

በ1975፣ በዚያ ቀን ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የተባለ 222 ሜትር የሚረዝም መርከብ በሱፒሪየር ላይ ሰጠመ። ከአንድ ቀን በፊት 26,000 ቶን ያህል የብረት ማዕድን ጭኖ ነበር የተነሳው። ማዕበሉ እየከፋ መጣ። ከኋላ ይከተል የነበረው መርከብ ማታ አንድ ሰዓት አካባቢ በሬዲዮ «እንዴት ናችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ካፒቴኑ «እየተቋቋምነው ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ከማዕበሉ ሊጠለልበት ወዳሰበው ወደ ዋይትፊሽ ወሽመጥ ለመድረስ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የቀረው። ያን ማታ እዚያ መጠለያ አጠገብ ያለው የዋይትፊሽ ፖይንት መብራትና የሬዲዮ ምልክቱ በማዕበሉ ምክንያት ተቋርጠው ነበር። መርከቡን ያሰመጠው ይሄ ነው አልልም። ግን ነገሩን ካወቅሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰዎቹ በዚያ ጨለማ ውስጥ የሆነች ብልጭታ እየፈለጉ ነበር።

29 ሰው ነበር የተሳፈረው። ትንሹ የ20 ዓመት ልጅ ነው። አንድም አልተረፈም። የአንድም ሰው ሬሳ አልወጣም። የሱፒሪየር ውሃ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ሬሳ ወደ ላይ አይንሳፈፍም። መርከቡ 160 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ለሁለት ተሰብሮ ነው ያለው። ቤተሰቦቹ መቃብር የላቸውም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ በቤተሰቦቹ ጥያቄ ጠላቂዎች ወርደው የመርከቡን ደወል አወጡላቸው። በቦታው የ29ኙ ሰዎች ስም የተቀረጸበት ሌላ ደወል አስቀመጡ። የወጣው ደወል ዛሬ ዋይትፊሽ ፖይንት ባለው ሙዚየም አለ። አስቡት። ልጇን ያጣች እናት «ሬሳውን ካልሰጣችሁኝ ቢያንስ እሱ ይሰማው የነበረውን ድምፅ ስጡኝ» እንደ ማለት ነው።

ስፕሊት ሮክ ላይ ከ1985 ጀምሮ በየዓመቱ ኖቬምበር 10 የሙት ዓመታቸው ይዘከራል። እንግሊዝኛው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ እኔ ግን ሙት ዓመት ነው የምለው። ቀኑ በኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 1 ላይ ይውላል።

እንዲህ ነው የሆነው። አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል (በሐበሻ ቆጠራ ነው) ሕዝቡ ማማው ፊት ተሰበሰበ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ጓንት ረስቼ ስለነበር እጄን ብብቴ ውስጥ አድርጌያለሁ። አንድ ሰው ወጥቶ ስም ማንበብ ጀመረ። አንድ ስም፣ አንድ ደወል። አንድ ስም፣ አንድ ደወል። ከጎኔ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘዋል። በዚያ ብርድ ራሳቸውን ለነፋስ ሰጥተው ቆመዋል። ስም በተጠራ ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ስሞቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል። ዘመድ ይሁኑ መርከበኛ አልጠየቅኋቸውም።

29 ጊዜ ተደወለ። አለቀ ብዬ ልንቀሳቀስ ስል ደወሉ አንድ ጊዜ ደገመ። ስም አልተጠራም። ሠላሳኛው ደወል በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ ለጠፉት ሁሉ ነው ተባለ። ስማቸው ለሚታወቀውም ለማይታወቀውም።

ከዚያ መብራቱ በራ። ጨረሩ ውሃው ላይ ወጥቶ ዞረ። አሥር ሰከንድ። እንደገና ዞረ። እኔ እዚያ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለነዚያ 29 ሰዎች ብቻ አልነበረም ያለቀስኩት።

ሐይቅ ከተማ ሳለን ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤት ነበረን። ልጃቸው 19 ዓመቱ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ እናቱ አልፈቀደችም። ብዙ የሠፈራችን ልጆች እንደሄዱት ሄደ። በጅቡቲ በኩል ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ጀልባዋ ተገለበጠች። የተረፈ ጓደኛው ደወለ። «አብረን ነበርን፣ ከዚያ አላየሁትም» አለ። ይሄው ነው፤ ሌላ የለም። እናቱ ሞተ የሚል ወረቀት አላገኘችም። ሬሳ አላየችም። ሶደቃ አላወጣችም፤ «ሳላየው እንዴት?» ትላለች። ጎረቤቱም ለቅሶ ሊደርሳት ይፈራል፤ ምክንያቱም ለቅሶ መድረስ ማለት «ሞቷል» ማለት ነው። ስለዚህ ያቺ ሴት ሐዘን ላይ ሆና ሐዘንተኛ አይደለችም። ብቻዋን ቀረች። እህቴ እንደነገረችኝ የበሩን መብራት አታጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። መብራት ሲጠፋ ፋኖስ ታወጣለች።

ይሄን የምጽፈው አንድ ቤት ስላወቅሁ ብቻ አይደለም። በ2025 ኦገስት መጀመሪያ ላይ በየመን አቢያን ዳርቻ የተገለበጠችውን ጀልባ ታስታውሳላችሁ። አብዛኞቹ የኛ ልጆች ነበሩ። ዜናው በስልካችን ዞረ፣ «ነፍስ ይማር» ብለን ጻፍን፣ በሳምንቱ ሌላ ወሬ መጣ። ሜዲትራኒያን ላይም የቀሩ አሉን። ከኛው መካከል፣ እዚሁ ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ፣ ወንድሙ ወይም የእህቱ ልጅ ውሃ ላይ የቀረበት ሰው አለ። ቡና ስንጠጣ አይነሳም። የዕድር መዝገብ ላይም አይገባም፤ ቀብር የለውምና።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይሄን ነው።

በዓመት አንድ ቀን እንያዝ። ውሃ ላይ ለቀሩት። ዕድሮች በጋራ ይምሩት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አማርኛ ተናጋሪውም፣ ኦሮሞውም፣ ትግሬውም፣ ሶማሌውም አብሮ። ጀልባዋ ላይ ማንም በብሔር አልተለየም። ከፈቃደኛ ቤተሰቦች ስም እንሰብስብ። እንጥራቸው። ጣልያን በ2013 ላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች ከሰጠሙ በኋላ ኦክቶበር 3ን በሕግ የመታሰቢያ ቀን አድርጋለች። የሞቱት አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችን ነበሩ። ባዕድ አገር ካደረገው እኛ ለራሳችን ማድረግ አያቅተንም።

ይሄን ሐሳብ ለአንድ ለማከብረው ሽማግሌ አዋይቼ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ የናቱን ተስፋ መግደል ነው። ዛሬም እስር ቤት ይኖር ይሆናል ብላ የምትጠብቅ አለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከሊቢያና ከየመን እስር ቤት ከዓመታት በኋላ ብቅ ያለ ልጅ እናውቃለን። ማንም ከማንም እጅ ተስፋ የመንጠቅ መብት የለውም። ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። መልሴ ሠላሳኛው ደወል ነው። ስሙ እንዲጠራ የፈቀደ ቤተሰብ የልጁ ስም ይጠራል። ያልፈቀደ ወይም መፍቀድ ያልቻለ፣ ስም በሌለው ደወል ይቆማል። ሞቷልም አላልን፤ አለም አላልን። ግን እናቱ ብቻዋን አልቆመችም። ከሃይማኖት ወገን ምን እንደሚገባ ደግሞ አባቶችና ሼኾቻችን ያውቃሉ፤ የሩቁን ሰው እንዴት እንደሚጸለይለት ከኔ ይልቅ እነሱ ይምሩን።

ቀኑን ገና ስላልወሰንን፣ እስከዚያው ዘንድሮ ኖቬምበር 10 አብረን ስፕሊት ሮክ እንሂድ። የነሱን ሙት ዓመት እንድረስላቸው። መጀመሪያ የሰውን ለቅሶ መድረስ ነው ያደግንበት። የራሳችንን ቀን እንዴት እንደምናደርገውም እዚያ እናያለን። በዓመት ውስጥ ማማው በጨለማ፣ መብራቱ እየበራ ለጎብኚ የሚከፈተው ያን ማታ ነው። ልጆቻችሁንም አምጡ። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለዚህ መርከብ ይሰሙ ይሆናል፤ አባትና እናታቸው ለምን እንደመጡ ግን ከናንተ ነው የሚሰሙት።

ለሚኒሶታ ታሪክ ማኅበርም አንድ ቃል አለኝ። ይሄንን ሥርዓት ላለፉት አርባ ዓመታት ስላላቋረጣችሁ አመሰግናለሁ። ለዚያ ማታ የሚሆን አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ብናዘጋጅ ተቀበሉን። ትርጉሙን እኛው በነፃ እንሠራለን። የአሥር ሰከንዱ ነገር፣ የሁለት ሰዓቱ ነገር፣ የሠላሳኛው ደወል ነገር በቋንቋችን ይጻፍ። እናቶቻችን ያነባሉ።

ለምትመጡ፦ ከከተማ ከቀትር በፊት ውጡ፤ መንገዱ በረዶ ሊኖረው ይችላል። የመግቢያውን ሁኔታ ከማኅበሩ ቀድማችሁ አጣሩ። ጋቢ ይዛችሁ ኑ፤ ጃኬት ብቻውን እዚያ ነፋስ ላይ አይችልም። ጓንት አትርሱ። ቡናውን በፔርሙዝ እኔ አመጣለሁ።

ከፈረቃዬ ፈቃድ ወስጃለሁ። መኪናዬ ውስጥ ሦስት ባዶ ቦታ አለ። ውሃ ላይ የቀረበት ሰው ያለው፣ ማውራትም ባይፈልግ፣ ቅድሚያ አለው። በዕድራችሁ በኩል አስነግሩልኝ፤ ከቤቱ መጥቼ እወስደዋለሁ።

ከአክብሮትና ከፍቅር ጋር
አንድ የዕድራችሁ አባል
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ